«እጅሽ ነው» አላት

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው «ቀስ በቀስ» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ናቸው። ሌንስ ሲጠርግ ቀስ ብሎ፣ ካርቶን ሲከፍት ቀስ ብሎ፣ ደንበኛ ሲያናግርም ቃላቱን እንደ ዶቃ አንድ በአንድ እየሰካ ነው። ጋሼ ጠዋት ሲገቡ «እህሳ፣ እንቁላሉ ዛሬስ በእግሩ ሄደ?» ይሉታል። እሱም ከአንገት በላይ ይስቅላቸዋል።

ውስጡ ግን ሌላ ነው። በመስታወቱ በር አንዲት ሴት ስታልፍ ካየ፣ እሷ መንገዱን ተሻግራ ሳትጨርስ እሱ በሐሳቡ አግብቷት፣ ሁለት ልጆች ወልደው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው፣ አብረው ሸምግለው ይጨርሳሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም አልፈው ሄደዋል።

ያን ቀን አንዷ በሩን ገፍታ ገባች።

ዣንጥላዋን ደጃፉ ላይ አራግፋ፣ ከካፖርቷ ኪስ አጥፋ የያዘችውን የጋዜጣ ገጽ አውጥታ የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ፎቶው ላይ አንዲት የመሰናክል ሯጭ አየር ላይ ተንጠልጥላለች፤ ከአገጯ የተላቀቀችው የላብ ጠብታ ሳትቀር ትታያለች። እንዲህ ያለውን የሚያነሳ ካሜራ እንደምትፈልግ ነገረችው። ወንድሟ ሜጋፒክስሉ የበዛውን ግዢ ብሎ መክሯታል።

ቀስ በቀስ ስለ ካሜራ ሲጠየቅ ዓይኑ ይበራል። ሜጋፒክስል ቆሞ ለሚነሳ ሰው ነው አላት፤ ሯጭ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ለሯጭ የሚሆን ካሜራ ፎከሱ ሰውየውን አንዴ ከያዘ ወዲያ እስኪያልፍ ድረስ የማይለቅ መሆን አለበት። ጣት ተጭኖ ፎቶው እስኪያዝ ያለችውም ቅጽበት እንዳትረዝም ማየት ያስፈልጋል፤ ከረዘመች ሯጩ አልፎ የሚቀረው አቧራው ነው። ዋናው ግን ጉሮሮው ነው አለ። አንዳንዱ ካሜራ ስምንት ፎቶ አከታትሎ ከዋጠ በኋላ ትን ይለዋል፤ የዋጠውን ካርዱ ላይ እስኪያወርድ አምስት ስድስት ሰከንድ ቆሞ ያመነዥካል። በዚያ መሃል ቢጫኑት አይሰማም።

ሳቀች። ስትስቅ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ታደርጋለች። ያን ዘንበል ማለቷን አይቶ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

ሁለት ካሜራ አወጣላት። አንደኛው ጥቁር ነው፤ ከባድ፣ ጠርዙ ተፍቆ ብረቱ የሚታይ፣ ዕድሜውን ስታዲየም ውስጥ የጨረሰ አንድ የፎቶ ባለሙያ ጡረታ ሲወጣ ለሱቁ የሸጠው። ሁለተኛው አዲስና ብርማ ነው፤ መዳፍ ላይ ልክክ ይላል፣ ስክሪኑ ሲበራ ፊት ያሳምራል። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። ጥቁሩ ሯጭን እንደ ቡችላ ጥርስ ነክሶ ይይዛል። ብርማው ለልደትና ለምርቃት ነው። ይህን ቀስ በቀስ ስሙን እንደሚያውቅ ያህል ያውቀዋል።

እጇ ወደ ብርማው ሄደ። አገላበጠችው፣ ዓይኗ ላይ አስጠጋችው፣ በሌንሱ በኩል እሱን አየችው።

«ጥሩ ከሆነ ሁለተኛ አላስቸግርዎትም» አለችው። «ካስቸገረኝ ግን ተመልሼ መጥቼ ነው የማስቸግርዎት። ይሄኛው ሯጭ ይይዛል?»

ተመልሼ መጥቼ። ከተናገረችው ሁሉ የሰማው ይህንን ብቻ ነው።

«ይይዛል» አላት።

ግድግዳው ላይ የጋሼ ደንብ ተለጥፏል፤ ካሜራ የሚቀየረው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ፣ ያውም ከአንድ ሺህ ፎቶ በላይ ካላነሳ ነው። ማንም ሰው ሊዋሽ አይችልም፤ ካሜራው ሆዱ ውስጥ ራሱ እየቆጠረ ነው። ቀስ በቀስ ደንቡን አንብቦ ራሱን አጽናና። ሁለት ሦስት ጊዜ ትምጣ፣ ከዚያ እቀይርላታለሁ አለ። ሄዳ በሩ ከተዘጋ በኋላ የጋዜጣው ገጽ ያረፈበትን ቦታ በጨርቅ ሊጠርግ እጁን ዘርግቶ ተወው፤ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ሌባም እንደ ሙሽራም ይመታ ነበር።

በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች።

የዋስትና ወረቀቱን ስትሞላ ነው የማን ልጅ እንደሆነች ያወቀው። አባቷ የትልቁ ሆስፒታል ዋና የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። የእሱ እናት ደግሞ በዚያው ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ይህን አልነገራትም። እናትዎ ምን ይሠራሉ ብላ ስትጠይቀው፣ ሆስፒታል ነው የምትሠራው ብሎ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። ነርስ ናት ብላ እንድታስብ ፈልጎ ነበር፤ ነርስ ናት ብሎ ለመዋሸት ግን ድፍረት አጣ።

ማክሰኞ ከሰዓት ዕረፍቱ ነው። ከስታዲየሙ ጀርባ ሯጮች የሚለማመዱበት ሜዳ አለ፤ አጥሩ ሽቦ ስለሆነ ሌንስ ያሳልፋል። እዚያ ያስተምራት ጀመር። በመጀመሪያው ማክሰኞ እርስዎ ተባብለው፣ በሁለተኛው አንተና አንቺ ሆኑ። «መምህሬ» ትለዋለች፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ደግሞ ምን እንደሆነ እሱ ሊገባው አልቻለም።

ጉዳይዋንም እዚያው አጥሩ ሥር ነገረችው። አንድ የስፖርት ጋዜጣ አንድ ፎቶ አንሺ ይፈልጋል። አዘጋጁ እሷንና ሌላ አንድ ሰውዬ አስቀርቶ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ከሚደረገው የመሰናክል ፍጻሜ ውድድር የተሻለ ፎቶ ያመጣ ቦታው የእሱ ነው ብሏቸዋል። አባቷም የራሳቸውን ቀነ ገደብ ቆርጠዋል። በዚያው ወር ደሞዝ ያለው ሥራ ካላገኘች ባሕር ማዶ አክስቷ ዘንድ ሄዳ መድኃኒት ቅመማ ትማራለች። ስድስት ዓመት ነው። ስድስት ዓመት ማለት የዕድሜ ልክ ነው አለችው፣ ከአክስቷ ጋር የኖረ ሰው ያውቀዋል።

የሚያደርገው ነገር ግልጽ ነበር። ብርማውን ተቀብሎ ጥቁሩን መስጠት፣ በቃ።

ግን ያን ጊዜ ያነሳችውን ልታሳየው ስክሪኑን አስጠጋችለት። ፀሐይ እንዳያጠፋው በካፖርቷ ጋረደችው፤ ሁለቱም አንገታቸውን ካፖርቱ ሥር አስገቡ። ፎቶዎቹ ጉድ ናቸው። አንዱ ሯጭ ጭንቅላት የለውም፣ አንዱ ጭስ መስሏል፣ አንዱ ላይ ደግሞ ባዶ መሰናክል ብቻውን ቆሟል። ትከሻዋ ትከሻውን ነክቶታል። ፀጉሯ ዝናብ ዝናብ ይላል።

«ለምንድነው እንዲህ የሚሆንብኝ?» አለችው።

ካሜራው ነው ቢላት ካፖርቱ ይነሳል። ጥቁሩን ትወስዳለች፣ በአንድ ቀን ይገባታል፣ ማክሰኞም ማክሰኞ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«እጅሽ ነው» አላት። «ቶሎ ትጫኛለሽ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ ትዘገያለሽ አላት። ከዚያ አተነፋፈስሽ ነው አላት። ለእያንዳንዱ የተበላሸ ፎቶ ከሰውነቷ ላይ አንድ ጥፋት ያገኝላታል፤ እሷም ጥፋቱን ተቀብላ፣ አመስግናው፣ ቤቷ ወስዳ ታርመዋለች። መንገድ ላይ ብስክሌት ነጂዎችን ታነሳለች፣ እርግቦች ታነሳለች፣ የጎረቤቱን ውሻ በዳቦ እያባበለች ታስሮጣለች። ውሻው ወፈረ እንጂ ፎቶው አልያዘም ብላ ስትነግረው ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

ካሜራውን በገዛች በአሥራ አምስተኛው ቀን ለጽዳት ሱቅ አምጥታለት ቆጣሪውን ከፍቶ አየ። ዘጠኝ መቶ ስምንት ይላል። ጋሼ ከጠረጴዛው ማዶ ሻያቸውን ያማስላሉ። ጥቁሩ ካሜራ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር። እሱ ግን አንድም ጥርት ያለ ፎቶ ያላነሳችበትን ሌንስ ጠርጎ ካሜራውን እጇ ላይ መልሶ አስቀመጠላት። ጣቶቿ መዳፉን ነኩት። በማግስቱ ቀኑም ቁጥሩም አለፈ፤ እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስቅ የራሱን ድምፅ ይሰማው ጀመር።

በአራተኛው ሳምንት የቀኝ እጇ አመልካች ጣት ላይ ፕላስተር ለጥፋ መጣች። ስትሰናበተው ከካሜራ ቦርሳዋ ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችው። ቤትህ ስትደርስ ነው የምታነበው ብላ አስማለችው።

«መምህሬ፣

ፊት ለፊት ሳወራ ስለምቀልድ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። ትናንት አባቴ ጣቴን አይቶ ምን ሆነሽ አለኝ። ካሜራ ስጫን ነው ስለው ሳቀብኝ። እጅ የሚባለውን ነገር እኔን ያህል የሚያውቅ የለም፣ ያንቺ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም አለኝ። ድሮ ቢሆን አልሰማውም ነበር። አሁን ግን አንተም እጅሽ ነው ስላልከኝ፣ ሁለት ሰው ያየው ነገር እውነት መሆን አለበት ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ግን አልተውም። የማልተወው አንተ ስላልተውከኝ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስንት ጊዜ ሰልችቶት ነበር።

ከፍጻሜው ውድድር በኋላ የምነግርህ ነገር አለ። ሥራውን ባገኝም ባላገኝም እነግርሃለሁ። እስከዚያ እንዳትጠይቀኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሦስት ጊዜ አነበበው። የመጀመሪያው ግማሽ አቃጠለው፤ የመጨረሻው ግን አስፈራው። የምትነግረው ምን ሊሆን ይችላል? የሐኪም ልጅ ለካሜራ ሻጭ «የምነግርህ ነገር አለ» ስትል ምን ልትል ነው? አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁን። ወይም ደግሞ እጮኛ አለኝ። በሐሳቡ ሰው ማግባት የለመደ ልብ መፈታትም ያውቅበታል፤ ደብዳቤውን አጥፎ ሳይጨርስ ተፈታ።

እናቱ ልብስ እየተኮሱ ነበር። ፊቱን አይተው የማን ልጅ ናት አሉት። ለመደበቅ አልሞከረም፤ ነገራቸው። ካውያውን አነሱና ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ ያዙት።

«እኔ አንሶላቸውን ሳጥብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ» አሉት። «አንድ ቀን ደረጃውን ወርደው ማን እንደሚያጥበው አላዩም። ልጄ፣ ላይ ቤት ያለ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ደረጃው ይደክመዋል።»

እማዬ፣ እሷ እንደሱ አይደለችም አላቸው። እናቱም እንግዲያው አንተ እንዴት ነህ ብለው ጠየቁት። ወደ ግድግዳው ዞረ፤ እናት የሚባል ፍጡር ምንም ሳያውቅ ሁሉን ማወቁ አስጠላው።

ከውድድሩ አሥር ቀን ቀደም ብሎ አንድ ጢማም ሰውዬ ሱቁ ገባ። ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ነው የገባው። የእኔ ወንድም፣ ሯጭ የሚይዝ ነገር አምጣልኝ፣ ያለኝ ካሜራ ከኤሊ ጋር ነው የሚወዳደረው አለ። ቀስ በቀስ መደርደሪያውን አየ። ጥቁሩ ካሜራ ለአንድ ወር ከዚያ ቦታ ሆኖ ሲያየው ኖሯል። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ያየዋል፣ ሲዘጋ ያየዋል። አሁን እንደ ዳኛ ዓይን ሆኖበታል። ከፊቱ ዘወር ቢልለት እፎይ የሚል መሰለው።

«ለሯጭ ከሆነ ከዚህ ሌላ እንዳትነካ» አለው ለጢማሙ። «እነዚያ ብርማዎቹ ለልደት ናቸው። ስምንት ፎቶ ካነሱ በኋላ ትን ይላቸዋል።»

ይህን ያለው ባንድ ትንፋሽ ነው። ጋሼ ቀና ብለው ምላስህን ዛሬ ማን ነካው አሉት። ጢማሙ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ እንዳንተ ያለ ሐቀኛ ሻጭ አይቼ አላውቅም ብሎት ወጣ። ቀስ በቀስ ባዶውን መደርደሪያ አየ። እፎይታው የቆየው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሆንም፤ ከዚያ በኋላ ለመጣው ስሜት ስም ሊሰጥ አልቻለም፣ ለባዕድ ሰው በነጻ የሰጠውን እውነት ለእሷ መንፈጉን ብቻ አወቀ።

የፍጻሜው ቀን ስታዲየሙ ሞልቷል። እሱ ከላይኛው ረድፍ ተቀመጠ። እሷ ከታች፣ መጨረሻው መስመር አጠገብ፣ የፎቶ አንሺዎቹን ሰደርያ ለብሳ ተንበርክካለች። ከቀኟ ጢማሙ ተቀምጧል። ቀስ በቀስ ሲያየው መጀመሪያ አላመነም፤ «ሌላ አንድ ሰውዬ» ያለችው ማን እንደሆነ ያኔ ነው የገባው። ተነስቶ ወደ ታች ሊሮጥ ፈለገ። ሮጦስ ምን ሊሰጣት? ባዶ እጁን።

ሽጉጡ ጮኸ።

የመቶ ሜትር መሰናክል ሩጫ አሥራ ሦስት ሰከንድ ነው። በአሥራ አንደኛው ሰከንድ የምትመራው ሯጭ የመጨረሻውን መሰናክል በጉልበቷ መታችው። ተንገዳገደች፣ ወደቀች፣ ስትወድቅ ግን ደረቷን ወደፊት ወርውራ መስመሩን ተኝታ አለፈችው። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ጢማሙ ከበሮ እንደሚመታ ሰው ካሜራውን ያለማቋረጥ ይተኩሳል።

ቀስ በቀስ ሯጯን አላያትም። እሱ ያየው የሐኪሙን ልጅ ነው። ተጭና፣ ተጭና፣ በድንገት ካሜራውን ከዓይኗ አወረደችው። ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው፤ እንደ ቆመ ሰዓት። እንደገና ተጫነችው። ሯጯ መሬት ላይ ናት፣ እጃቸውን እየዘረጉ የሚያነሷት ሰዎች ሮጠው ደርሰዋል፣ አልቋል።

ከዚያ ያደረገችውን ነገር ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ካሜራውን አልረገመችውም፣ አላየችውምም። ፕላስተር የለጠፈችበትን ጣቷን ቀና አድርጋ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ቤቱን እንዳዋረደ ልጅ። እሱም ከላይኛው ረድፍ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እየጮኸ፣ እሱ ብቻውን ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ መጮህ የሚያስፈልገው ሰው እሱ እንደሆነ እያወቀ።

ሰኞ ዕለት የሯጯ ፎቶ የጋዜጣውን የፊት ገጽ ሞልቶ ወጣ፤ ከሥሩ የጢማሙ ስም አለ። ማክሰኞ ቀስ በቀስ አጥሩ ሥር ሄዶ እስኪመሽ ቆመ። በሚቀጥለው ማክሰኞም ቆመ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት፣ ከሰዓት ላይ፣ ጋሼ ከፊት ሆነው ተጣሩ። የሐኪሙ ልጅ ጉርድ ፎቶ ትፈልጋለች፣ ለጉዞ ሰነድ ነው፣ ቶሎ በል አሉት።

ጉርድ ፎቶ የሚነሳው ከመጋረጃው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ክብ በርጩማ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ሁለት መብራት። ገብታ ተቀመጠች። ፀጉሯን ወደኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች። ጣቷ ላይ ፕላስተሩ የለም።

ለጉዞ ሰነድ የሚነሳ ሰው መሳቅ እንደሌለበት፣ ሁለቱ ጆሮዎች መታየት እንዳለባቸው፣ ዓይን ቀጥታ ሌንሱን ማየት እንዳለበት ነገራት። ለሰው ሁሉ የሚለው ነው። ድምፁ ከየት እንደመጣ እሱም አላወቀም። እሷም እንዳላት አደረገች፤ ቀጥ ብላ ሌንሱን አየች።

«ጢማሙ ካሜራዬን እስኪ አሳዪኝ አለኝ» አለችው፣ ከንፈሯ ብዙም ሳይንቀሳቀስ። «ሊያጽናናኝ ነው፣ ሰውዬው ክፉ አይደለም። ሲያየው ሳቀ። ማነው ይህን የልደት ካሜራ ለሩጫ የሸጠልሽ አለኝ። አንተ እንደሆንክ ነገርኩት። አይሆንም አለኝ፤ ያ ልጅ ሐቀኛ ነው፣ ብርማዎቹ ለልደት እንደሆኑ ለእኔ ራሱ ነው የነገረኝ አለኝ። ቢያውቅማ ይነግረኝ ነበር ብዬ ተከራከርኩልህ እኮ። አንድ ሰዓት ሙሉ አንተን ይዤ ተከራከርኩት።»

መብራቱ ያቃጥላል። ፎቶውን አነሳ፤ ቶሎ ተጭኖት ተበላሸ። ድገመው አለችው።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አላት። ከዚያ ሁሉንም ባንዴ ሊነግራት ሞከረ። ተመልሼ እመጣለሁ ስላለችው እንደሆነ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ሊያያት እንደነበር፣ ሊቀይርላት አስቦ እንደነበር፣ ቀኑ እንዳለፈ፣ ጥቁሩን ከወሰደች ዳግም እንዳትመጣ ፈርቶ እንደነበር። እየተናገረ እያለ የራሱ ቃላት እንደ ልጅ ሰበብ ይሰሙት ነበር። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ጥቁሩን ብትሰጠኝም እመጣ ነበር» አለችው። «ሌንሱ ቆሸሸ ብዬ እመጣ ነበር። ባትሪው ጠፋብኝ ብዬ እመጣ ነበር። እኔ በልቤ የጨረስኩት ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ነው። ከውድድሩ በኋላ የምነግርህ ያልኩህ እሱን ነበር። ለአባቴም ነግሬው ነበር፤ ጮኸብኝ፣ ስጮህበት ዝም አለ። እናትህ ዘንድም ሄጃለሁ።»

ቀና አለ።

«ምድር ቤት። የት እንደሚሠሩ ጋሼን ጠይቄ ነው። አንሶላ አብሬያቸው አጣጠፍኩ። እንዳይነግሩህ ለመንኳቸው፤ እኔ ራሴ ልነግርህ ነበር። እሳቸው ቃላቸውን ጠብቀዋል።»

ቀስ በቀስ ካሜራውን ይዞ ቆመ። ነገ ጠዋት ጋዜጣው ቢሮ ሄዶ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ለአዘጋጁ እንደሚነግር፣ እግሩ ላይ እንደሚወድቅ ነገራት።

«ምን ይለኛል?» አለችው። «ካሜራ መምረጥ ቀርቶ የሚመርጥላትን ሰው መምረጥ አታውቅም ይለኛል። እውነቱን ነው። ሥራውን ይቅር እልህ ነበር። አክስቴንም፣ ስድስት ዓመቱንም። ሰው ሲወድ ይሰርቃል፣ እሺ። ግን ካሜራው ነው ማለት ስትችል እጅሽ ነው አልከኝ። አሁን ብርጭቆ ሳነሳ እጄን አየዋለሁ። በር ስከፍት አየዋለሁ። ይሳሳታል ብዬ እጠብቀዋለሁ። ይህን ይዤልህ ነው የምሄደው። አሁን አንሳኝ።»

አነሳት። ይህኛው ፎቶ ጥርት ብሎ ወጣ። አንድም ፀጉር አልተንቀሳቀሰም፣ ዓይኗ ሌንሱ መሃል ላይ ነው፣ ፊቷ ላይ ደንቡ የከለከለው ነገር ሁሉ የለም። ስድስት ማክሰኞ ሙሉ አብሯት ሲውል አንድም ጊዜ አላነሳትም ነበር፤ ያለው ምስሏ ይህ ብቻ ነው።

አትሞ ቆረጠላት። በአንድ ወረቀት ስድስት ይወጣል፤ ለሰነዱ የሚፈለገው ሁለት ነው። ስድስቱንም ፖስታ ውስጥ ከተተች። ከዚያ እጇን ወደ ካሜራው ጠቆመች።

«ውስጡ ያለውን አጥፋው። እያየሁህ።»

ደንበኛ ሲመለስ እንደገና እንዲታተምለት ሱቁ ፎቶዎቹን አንድ ዓመት ያቆያል። ይህን ሊነግራት አፉን ከፈተና ዓይኗን ሲያይ ተወው። የማጥፊያውን ቁልፍ ነካ። ፊቷ ሄደ፤ በቦታው ከእሷ በፊት የተነሳ አንድ ክራባት ያነቀው ሽማግሌ ብቅ አለ።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ከውጭ ድምፅዋ ይሰማል፤ ጋሼን ደህና ይሁኑ ስትል፣ እሳቸው ደግሞ መልካም ጉዞ የኔ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ስትሄጂ እንዳትረሺን ሲሉ። አልረሳም ጋሼ አለቻቸው፣ እንደ ማንኛውም ጨዋ ልጅ፣ በለሰለሰ ድምፅ። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ።

መብራቶቹን ሳያጠፋ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የተናገረችበትን ድምፅ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጆሮው መለሰው፤ አንድ ቃል ላይ እንኳ ጮኻ እንደሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ድምፅዋ ተሰብሮ እንደሆነ ፈለገ። ቢያገኝ ኖሮ ያን ይዞ ይከተላት ነበር። በደብዳቤ ይለምናት ነበር፣ ስድስት ዓመት ይጠብቃት ነበር። የተቆጣ ሰው ይታረቃል፤ የሚጠላ ሰው እንኳ የሚጠላውን ሰው ልቡ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ደግሞ ደጋግሞ ፈለገ። ከላይ እስከ ታች ለስላሳ ነበር፤ ጥላቻዋ ውስጥ እንኳ የሚቀመጥበት ቦታ አልተወችለትም።